ያልተወለደ በሬ ቅርጫ

አሜሪካ ያለው ወገናችን ድሮ ሲገናኝ የሚያወራው ስለ ቤት ዋጋ ነበር። ከዚያ ቢትኮይን መጣ። አሁን አሁን ደግሞ ተራው የዩራኒየም የሆነ ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ ሰው ጠዋት ቡና ላይ ስልኩን ያወጣና አረንጓዴዋን መስመር ያሳይሃል። “ሒሳቡ እኮ ቀላል ነው፤ ዓለም የኒውክሌር ጣቢያ ሊሠራ ተነስቷል፣ ዩራኒየም ደግሞ በበቂ የለም። ዕቃ ሲጠፋ ዋጋ ይወጣል። በቃ!”

የኔ ጠብ ከዚህች “በቃ” ጋር ነው። ዩራኒየም መግዛት ነውር ነው አልወጣኝም። በ2016 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንዱ ፓውንድ 18 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ከ100 ዶላር አለፈ። በመካከሉ ገብቶ ያተረፈ ሰው አለ፤ ይባርክለት። ግን ይኼ ሒሳብ አይደለም። የዩራኒየም ዋጋ ከገበያ ይልቅ በመንግሥታት እጅ ያለ ነገር ነው፤ ይህንን ደብቆ አክሲዮኑን “ቀላል ሒሳብ” እያለ የሚያሻሽጥ ሰው ያታልላል።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በ2000 ፓውንዱ 7 ዶላር ገደማ ነበር። ለምን ያን ያህል ረከሰ? ከምክንያቶቹ አንዱ ቦምብ ነው። አሜሪካና ሩሲያ በ1993 ተዋውለው 500 ቶን የሩሲያ የቦምብ ዩራኒየም ተበርዞ ለአሜሪካ ጣቢያዎች ማገዶ ሆነ። ውሉ እስከ 2013 ሲቆይ ከአሜሪካ ኤሌክትሪክ አንድ አሥረኛው ያህል የመጣው ከዚሁ ነበር። ሁለት ባላንጣዎች ታረቁና የማዕድን አውጪው ገበያ ተዘጋ! ይህን የትኛው የአቅርቦትና የፍላጎት ሠንጠረዥ ይተነብየዋል?

ከዚያ በ2006 ካናዳ ውስጥ ሲጋር ሌክ የሚባለውን ትልቅ ማዕድን ውኃ አጥለቀለቀው፤ በ2007 ፓውንዱ ከ130 ዶላር በላይ ወጣ። ያኔም “ሒሳቡ ቀላል ነው” ተብሏል። በመቶ የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ስማቸው ላይ ዩራኒየም እየለጠፉ ብቅ አሉ። ብዙዎቹ የገቡበት አይታወቅም።

“እኔ እኮ አንድ ኩባንያ ላይ አልጣልኩም፣ የገዛሁት ኢ.ቲ.ኤፍ ነው” የሚል አይጠፋም። ኢ.ቲ.ኤፍ ማለት የብዙ ኩባንያ አክሲዮን ባንድ ላይ ታስሮ እንደ አንድ አክሲዮን የሚሸጥበት ፈንድ ነው። እንግዲህ በኛ ቋንቋ ቅርጫ ነው ማለት ነው። ታዲያ ቅርጫ ስትገባ በሬውን ታየዋለህ፤ ሻኛውን ትዳብሳለህ፣ መደቡ ሲደለደል ቆመህ ታያለህ። የዩራኒየም ቅርጫ ውስጥ እንደ ካናዳው ካሜኮ ያለ የደለበ በሬ መኖሩ እውነት ነው። ከጎኑ ግን አንድም ፓውንድ አምርተው የማያውቁ፣ ጉድጓድ እየቆፈሩ ናሙና የሚያሳዩ ኩባንያዎች ተደርድረዋል። እነዚህ ገና ያልተወለዱ በሬዎች ናቸው። የሚሸጡት ነገር ስለሌላቸው የሚኖሩት አዲስ አክሲዮን እያተሙ ነው። ይኼ ማለት ሃያ መደብ የነበረው ሥጋ አንተ ሳትጠየቅ አርባ መደብ ይሆናል። የአራጁ ዋጋ ግን አይቀርም፤ ግሎባል ኤክስ የተባለው የታወቀው የዩራኒየም ፈንድ በዓመት ከመቶ 0.69 ይቆርጣል፤ 10,000 ዶላር ላስቀመጠ ሰው 69 ዶላር መሆኑ ነው፣ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም።

ይኸው ፈንድ የተቋቋመው በኅዳር 2010 ነበር። አምስት ወር ሳይሞላው ፉኩሺማ ደረሰ። ጃፓን 54 ማብላያዎቿን ተራ በተራ ዘጋች፤ ጀርመንም የኒውክሌር ጣቢያ በቃኝ አለች። ቅርጫው ባንድ ላይ ተበላሸ። በሬዎቹ ሁሉ የሚጠጡት ከአንድ ኩሬ ስለሆነ መበተኑ አላዳነም።

“ጥሩ ኩባንያ ታግሶ ይወጣዋል” ለሚሉኝ ደግሞ ፓላዲንን ልጥቀስላቸው። የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው፤ አጭበርባሪ አልነበረም፣ ናሚቢያና ማላዊ ውስጥ እውነተኛ ማዕድን ሠርቷል። በ2017 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሞግዚት እጅ ወደቀ። ሲዋቀር ከመቶው 98 እጅ አክሲዮን ወደ አበዳሪዎችና ወደ አዲስ ገንዘብ አምጪዎች ዞረ፤ ለነባሩ ባለአክሲዮን 2 እጅ ተረፈው። የናሚቢያው ማዕድን በ2024 እንደገና ማምረት ጀምሯል፣ ዩራኒየሙም ከነበረበት አልተነቃነቀም። የታገሠውና የበላው ግን አንድ ሰው አይደለም።

ኒጀርን ደግሞ ተመልከቱ። አርሊት በምትባለው የበረሃ ከተማ አጠገብ ከ1971 ጀምሮ ዩራኒየም ተቆፍሮ ለፈረንሳይ ጣቢያዎች ማገዶ ሆኗል። በ2021 አንዱ ማዕድን ሲዘጋ 20 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ጨረራማ ዝቃጭ ክምር ትቶ ነው። በ2023 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ናይጄሪያ ኤሌክትሪክ ቆረጠችና ኒያሜ ጨለማ ተዋጠች። ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሌላውን አምፖል ያበራ አገር የራሱን ከጎረቤት እየገዛ ነው የኖረው! ወታደሮቹ በ2024 ኢሙራሬንን ከፈረንሳዩ ኦራኖ፣ ብዙም ሳይቆይ ማዳዌላን ካናዳ ገበያ ላይ ይሸጥ ከነበረው ጎቪኤክስ ነጠቁ፤ በ2025 አርሊት ያለውን ሶማይርን ወረሱ። የጎቪኤክስ አክሲዮን ወዲያው ተንኮታኮተ። አሻሻጮቹ “ያልተጠበቀ አደጋ” አሉት። ማን ነው ያልጠበቀው? አርሊት ሄዶ አንድ ሽማግሌ የጠየቀ ሰው ይጠብቀው ነበር። ወታደሮቹ መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም፤ እዚያ ያለው ቂም ግን በማንም የአክሲዮን ሠንጠረዥ ላይ አልተመዘገበም።

ካዛኪስታንም አለች። ከዓለም ምርት አርባ በመቶ ገደማ የሚወጣው ከዚያ ሲሆን፣ ዋናው ኩባንያ የመንግሥት ነው። እሱ ምርት ልቀንስ ወይም ልጨምር ባለ ቁጥር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለችው ነርስ ገንዘብ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይህን አውቃ ከገባች መብቷ ነው።

የምፈራው ሳታውቅ እንዳትገባ ነው። የአሜሪካ ሕግ አክሲዮን እንዲያሻሽጥ የተከፈለው ሰው መከፈሉንና ምን እንደተከፈለው እንዲናገር ያስገድደዋል። ስለዚህ ፈረንጁ አሻሻጭ በደቃቅ ፊደልም ቢሆን ከታች ይጽፈዋል። የኛ ሰው ግን ያንኑ ወሬ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ደቃቁን ፊደል ጥሎ፣ ሳንቲም ሳይከፈለው በማኅበሩም፣ በክርስትናውም፣ በለቅሶ ቤቱም በነጻ ያድለዋል፤ ዕቁብ የደረሳት ሴት አጠገቡ ከተቀመጠች ደግሞ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርጋል።