«ጨነቀኝ» ያለው በሽተኛ ወደ የትኛው ክፍል ይግባ?

በአማርኛ «ጨነቀኝ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ደረት ሲታፈንና አየር ሲያጥር «ጨነቀኝ» ይባላል። ሐሳብ ሲበዛና ተስፋ ሲጨልምም «ጨነቀኝ» ይባላል። ቋንቋው ሁለቱን አልለያቸውም፤ የሚለያያቸው የሕክምና ካርዱ ነው። የሚያስለው ወደ አንድ ክፍል፣ ሐሳብ የበዛበት ወደ ሌላ ክፍል ይላካል። ሁለቱም ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ታይቶለት ይመለሳል።

ጉዳዩ ለጋሞ ዞን ሩቅ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከሐይቅ ዳር ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ይገባል። በደጋው ምድጃው ከቤት ውስጥ ነው። በዶርዜ የቀርከሃ ቤት ጭሱ የሚወጣው በክዳኑ እየተጣራ ስለሆነ፣ እናት ከነሕፃኗ ጭስ ስትስብ ትውላለች። ሸማኔውና ፈታይዋ ከጥጥ ብናኝ ጋር ይውላሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ቲቢ አለ። የተጎዳ ሳንባ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይፈራል፤ የፈራ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስም ደረቱ ይበልጥ ይጠበዋል። አዙሪቱ ውስጥ ለገባ ሰው «የቱ ነው የጀመረህ፣ ሳሉ ወይስ ሐሳቡ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም።

ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። ለአርባ ምንጭ ጎረቤት በሆነችው ወላይታ ሶዶ፣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልና በሶዶ ጤና ጣቢያ በቲቢ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከ100 ታካሚዎች ከ40 በላይ የሚሆኑት የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ጭንቀት የታየባቸውም እንዲሁ ከ100 ከ40 በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ14 የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ሕክምና የጀመሩ ከ600 በላይ የቲቢ ታካሚዎችን ተከታትሏል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ድባቴያቸው ሳይታከም የቀረባቸው ሰዎች መድኃኒት የማቋረጥም ሆነ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት አቅም ያጣ፣ «ብድንስ ምን ላደርግ?» ብሎ የተቀመጠ ሰው ነፃ መድኃኒትም ቢሆን ሄዶ አይወስድም። ሲያቋርጥ «ቸልተኛ» ይባላል። በሽታው መድኃኒት የተላመደ ሆኖ ሲመለስ ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል፣ ሊረዝምም ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ቲቢ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል እንደ ሳይክሎሰሪን ያሉት ራሳቸው ድባቴና የአእምሮ መታወክ ሊያመጡ ይችላሉ። በመጀመሪያው ወር ያልተጠየቀ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ብዙ ያስከፍላል።

በጋሞ ባህል ሕመምና መከራ ሲደርስ «ጎሜ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ አለ። ክልክል የሆነ ነገር ተጥሷል፣ ቅጣቱ መጥቷል ማለት ነው። ይህን ንቆ ማለፍ ለሐኪምም ለታካሚም አይጠቅምም። ሕመሙን የበደል ዋጋ አድርጎ የሚያየው ሰው ከሳሉ ሌላ ኀፍረትና ጸጸት ተሸክሟል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ግን የሚደብቀው ሳሉን ብቻ አይደለም። ደግሞም ይኸው ባህል ሰውን በማረጋጋት ይታወቃል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን መልሰዋል። የእነዚህ አባቶች ቃል «ቲቢ ይድናል፣ ሐዘኑም ይታከማል፣ መድኃኒቱን አታቋርጥ» ለማለት ቢውል ከየትኛውም ፖስተር በላይ ይሰማል።

«ነርሷ ስንቱን ትሥራ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። ግን የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል፤ ይህን ማንኛዋም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታውቀዋለች። የድባቴ መለያ ጥያቄዎችም የሚጠይቁት ስለዚያው ሁለት ሳምንት ነው፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይልህ የነበረው ነገር አላስደስትህ ብሏል? ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሃል? ሁለቱን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። «አዎ» ላለ ሰው በአገራችን ተሞክሮ የተረጋገጠ ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ አለ።

የተገላቢጦሹ ስህተትም መረሳት የለበትም። ትንፋሽ አጥሯት የመጣችን ሴት «ጭንቀት ነው፣ ሐሳብ አታብዢ» ብሎ አክታዋን ሳይመረምሩ መሸኘት ቲቢውን ቤት ውስጥ መተው ነው። መርሁ «ሁለቱንም እይ» ነው እንጂ «ሳንባውን ተው፣ አእምሮውን ያዝ» አይደለም።

በእርግጥ ጥያቄ ብቻውን አያድንም፤ «አዎ» ያለውን ሰው የሚቀበል ባለሙያና መድኃኒት ከኋላ መኖር አለበት። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ በብሔራዊ ስትራቴጂ ከተጻፈ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ዞኑና ክልሉ በጀት ሲይዙ ሊጠየቁ የሚገባው በዚህ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ተማሪዎቹና መምህራኑ ይመራመራሉ። በእንግሊዝኛ መጽሔት የሚወጣው ግኝት በአማርኛና በጋሞኛ ወደ ቲቢ ክፍሉ ቢመለስ፣ ጥያቄዎቹም በታካሚው ቋንቋ ቢዘጋጁ ጥናቱ ባለቤቱ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው።

«ጨነቀኝ» ያለው በሽተኛ የነገረን አንድ ሕመም ነው። ለሁለት ከፍለን ግማሹን ብቻ ካከምነው፣ ያላከምነው ግማሽ ያከምነውን ይዞት ይሄዳል።