ወርቁ በሰሙ ልክ ይውጣ

የፍቅር ዘፈን በተከፈተ ቁጥር «እሷ እኮ ሴት አይደለችም፤ አገር ናት» የሚል ሰው አይጠፋም። አገርን በሴት ጾታ ስለምንጠራ «አንቺ» የሚል ዘፈን ሁሉ ለዚህ ትርጓሜ የተመቸ ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ሳንሱር ስለነበር ዘፋኙ በግልጽ ያልተናገረውን በናፍቆት ጠቅልሎ ብሎታል ብለን መጠርጠር ለምደናል። ጥርጣሬው መሠረት አለው። ልማዱ ግን ዘፈኖቻችንን እየጎዳ ነው፤ ወርቅ ለማግኘት ስንቸኩል ሰሙን ሳናዳምጥ እናልፋለን።

አንጥረኛው የሚሠራውን እናስተውል። የጌጡን ቅርጽ በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። እኛ ያስታወስነው የሰሙን መቅለጥ ብቻ ነው። ወርቁ እኮ የሚወጣው በሰሙ ልክ ነው! ሰሙ ቀለበት ከነበረ ወርቁ ጉትቻ ሆኖ አይወጣም። የቅኔው ሰምና ወርቅም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን ፍቺዎች አንድ ላይ የሚሸከም ኅብረ ቃል ከሌለ የተገኘው ፍቺ የአድማጩ ምኞት እንጂ የገጣሚው ወርቅ አይደለም።

በዚህ ሚዛን የጥላሁን ገሠሠን «አልቻልኩም» እንመልከት። ጥላሁን የክብር ዘበኛ ዘፋኝ ነበር፤ የታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መሪም የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። ዘፈኑ በፖለቲካ መተርጎሙ አይገርምም። ገጣሚው ያንን አስቦ ነበር ብዬ አልምልም፤ ትርጓሜው ግን ሚዛኑን ያልፋል። መቻል መታገሥም ነውና፣ ፍቅር የከበደውም አገዛዝ የከበደውም ሰው የሚለው ያንኑ አንድ ቃል ነው።

የጽሑፍ ግጥም ይዘው የሚተረጉሙ ደግሞ ሌላ ነገር ያመልጣቸዋል። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ ጆሮ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ድምፁ የሚደርስ። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያያቸው የዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ ግጥሙን በስልክ ተልኮለት ካነበበ ሰው ይልቅ ዘፈኑን ደጋግሞ የሰማ ሰው ትርጓሜ ይታመናል።

ጽሑፍ ብቻውን አለመብቃቱ አዝማሪ ቤት ይበልጥ ይጎላል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበላል። ስንኙ ለማን እንደተወረወረ የሚያውቀው እዚያ የተቀመጠ ሰው ነው። በነጋታው ለብቻው ተጽፎ ቢመጣ ግማሽ ትርጉሙ እዚያው ቤት ቀርቷል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በትዝታ ላይ የምናደርገው ነው። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፣ የዘፈን ስም ነው፣ የልብ ሕመምም ስም ነው። በዚያ ቅኝት አንድ ሰው የተለየችውን አንዲት ሴት ሲያስታውስ እኛ ሰንደቅ ዓላማ እንፈልግበታለን። ሴቲቱ ከራሷ ዘፈን ትባረራለች፤ ናፍቆቱም ባለቤት ያጣል።

አንባቢ ሆይ፣ ከእንግዲህ «ይህ ዘፈን ስለ እገሌ ነው» የሚልዎት ሰው ቢያጋጥምዎ ቃሉን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ካላሳየዎት ዘፈኑን እንደገና ይክፈቱና የሚዘፈንላትን ሴት ያዳምጡ።