ባለቤት የሌለው ጭስ

ባሕር የማንም አይደለም ሲባል ሰምተናል። በባሕር ላይ የሚወጣው ጭስም እንዲሁ የማንም እንዳይሆን ተደርጎ በመንግሥታት መዝገብ ላይ መስፈሩን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መንግሥት ከአገሩ የሚወጣውን የካርቦን ጋዝ መጠን ለተባበሩት መንግሥታት ያስታውቃል። ከአገር ወደ አገር የሚመላለሱ መርከቦች የሚያቃጥሉት ነዳጅ ግን በድምሩ ውስጥ አይገባም፤ ነዳጁን የሸጠው አገር ከድምሩ በታች ለማስታወሻ ያህል ብቻ ይጽፈዋል። ዱቤውን ሁሉ በደብተሩ ጠርዝ ላይ እየጻፈ አንድ ቀን እንኳ የማይደምር ባለሱቅ ብናገኝ ምን እንለዋለን?

ሲንጋፖርን እንመልከት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ2022 በዚያ ወደብ 48 ሚሊዮን ቶን ያህል ነዳጅ ለመርከቦች ተሸጧል። አንድ ቶን ከባድ የመርከብ ነዳጅ ሲቃጠል 3.1 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው ጭሱ ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። የአገሪቱ የራሷ ድምር ግን በዚያው ዓመት 59 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ሲንጋፖርን መውቀሳችን አይደለም። ነዳጅ ሻጩን ተጠያቂ ማድረግ ስለ ሰካራሙ ጠብ ሁሉ ጠጅ ቤቱን እንደ መክሰስ ነው። የመርከቡን ባንዲራ እንከተል ቢባል ደግሞ ፓናማና ላይቤሪያ የዓለሙን ዕዳ ሊሸከሙ ነው።

በ1997 የኪዮቶው ውል ጉዳዩን ለዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መራው። ድርጅቱ ታላላቆቹ መርከቦች ያቃጠሉትን ነዳጅ እንዲመዘግቡ ያደረገው ከ2019 ጀምሮ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው! በ2018 የዓለም መርከቦች ሁሉ ጭስ 1,076 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር። በኦክቶበር 2025 በጭሱ ላይ ዋጋ የሚጥለው ደንብ ሊጸድቅ በቀረበ ጊዜ ጉባኤው ለአንድ ዓመት አስተላለፈው።

እኛ የምንለው፣ ጭሱ መርከቡ ዕቃ በጫነበትና ባራገፈበት አገር መዝገብ እኩል ተከፍሎ ከድምሩ ውስጥ ይግባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 ጀምሮ ከውጭ ወደ ወደቦቹ ከሚመጡትና ከወደቦቹ ወደ ውጭ ከሚወጡት ጉዞዎች ግማሹን ጭስ ማስከፈሉ፣ መክፈል እንደሚቻል ያሳያል።

«ይህማ ዕዳውን በድኃ አገር ላይ መጣል ነው» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር ወደብ የላትም፤ ባንዲራችንን የያዙት መርከቦች ነዳጅ የሚቀዱት በሰው አገር ስለሆነ በዛሬው ደንብ የኛ ሒሳብ ባዶ ነው። ማዳበሪያውና መኪናው ግን በባሕር ይመጣልናል። እንዲያውም ግማሽ በግማሽ ቢባል የኛ ዕቃ ጭስ በጅቡቲ ስም ሊጻፍ ነው፤ ይህን ደግሞ ፍርድ አንለውም። ስለዚህ የማራገፊያው ድርሻ ዕቃው በመጨረሻ በሚደርስበት አገር ስም ይመዝገብ እንላለን። የድኃው አገር ክፍያ ይቀነስለት ወይስ ይቅርለት የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያልተቆጠረ ዕዳ ላይ ምሕረት አይለመንምና። በኛም ስም የሚጻፍ ይኖራል ማለት ነው። ይጻፍ።