የብርድ ዝግጅት በልብስ ውፍረት አይለካም

በሚኔሶታ የነጭ ጅራት አጋዘን አደን በኖቬምበር መጀመሪያ ሲከፈት፣ ነባር አዳኞች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው፦ ካለህ ልብስ ወፍራሙን ልበስ፣ ካልሲህን ደርብ፣ ራስህን ሸፍን። መካሪዎቹ ብርዱን ኖረውበታል፤ ሰው ይገድላል ማለታቸውም እውነት ነው። የማልቀበለው ከዚህ እውነት ተነሥተው የሚደርሱበትን መደምደሚያ ነው።

አንደኛ፣ ልብስ ሙቀት አያመነጭም። ሙቀት የሚያመነጨው ሰውነት ነው፤ ልብስ የሚያደርገው ያንን ሙቀት በያዘው አየር ማቆየት ብቻ ነው። ምክሩ የዘነጋው የአዳኝ ውሎ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው፦ ጎህ ሳይቀድ ጠመንጃና ቦርሳ ይዞ መጓዝ፣ ከዚያም ዛፍ ላይ በተሠራ ማማ ሳይንቀሳቀሱ ለሰዓታት መቀመጥ። ለመቀመጫው የሚበቃውን ልብስ ለብሶ የሚጓዝ ሰው ማላቡ አይቀርም። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያሳልፋል። ካናቴራው ጥጥ ከሆነ ላቡን መጥጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ ከላይ የተደረበው ጃኬት ብርዱን የሚያስጥለው ለጥቂት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጃኬቱ በጉዞ ላይ ቦታው ቦርሳው ላይ ነው። ከመኪና ሲወርዱ ትንሽ ሊበርድ ይገባል፤ በስስ የሱፍ ልብስ ቀስ ብሎ መራመድ ያሞቃል። (ሕግ የሚያዝዘው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ኮፍያና ሰደርያ ግን በጉዞም አይወልቅም።) ማማው ሥር ሲደርሱ ትንፋሽ ሰብስቦ፣ የረጠበውን ካናቴራ በደረቅ ለውጦ፣ ጃኬቱን መደረብ ነው፤ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር መጠበቅ የለም።

ሁለተኛ፣ ካልሲ። በልክ በተገዛ ቡት ውስጥ ሁለት ካልሲ እግርን ያጨናንቃል፤ የደም ዝውውርን ያውካል፤ ሙቀት የሚይዘውን አየርም ይጨፈልቃል።

ሦስተኛ፣ “ግማሽ ያህሉ ሙቀት በራስ ያመልጣል” የሚለው አባባል። ምንጩ ተብሎ የሚጠቀሰው በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር ያደረገው ሙከራ ነው፤ ተሞካሪዎቹ መላ አካላቸው ተሸፍኖ ራሳቸው ብቻ ተገልጦ ነበር። ከተገለጠው ቦታ ብዙ ሙቀት መውጣቱ ምን ይገርማል? እጅ ብቻ ተገልጦ ቢሆን ኖሮ ስለ እጅ እንዲሁ ይባል ነበር። ራስ ከሰውነት ገጽ 10 በመቶ ገደማ ነው። ኮፍያ ያስፈልጋል፤ የጓንትንና የቡትን ጉድለት ግን አይሞላም።

አራተኛ፣ ጠንካራው ማስረጃቸው። ኖቬምበር 11 ቀን 1940 ጠዋቱ ለብ ያለ ስለነበር ብዙ ዳክዬ አዳኞች በስስ ልብስ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ወጡ፤ በድንገት በተነሣው አውሎ ነፋስና በረዶ በሚኔሶታ ብቻ 49 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹም አዳኞች ነበሩ። ልብሳቸው መሳሳቱን አልክድም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እንመልከት፦ ዝናቡና የወንዙ ማዕበል መጀመሪያ አበሰበሳቸው፣ ውርጩ በረጠበ ገላ ላይ መጣ። ያጡት ውሃ የማያስገባ መደረቢያና ደረቅ መቀየሪያ ነበር። ይህን ታሪክ ለውፍረት ማስረጃ ማድረግ ከሁለት ምክንያት አንዱን ደብቆ መፍረድ ነው።

ውፍረት የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋም አለ። በሸሚዝ ላይ የተለካ የደኅንነት ቀበቶ በጃኬት ላይ አይገጥምም፤ ከማማ መውደቅ ደግሞ ከብርድ የቀረበ አደጋ ነው። የጠመንጃው ሰደፍም ብብት ላይ ተይዞ ትከሻ ላይ በወጉ አይቀመጥም። ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ሁሉንም ለብሰው፣ ቀበቶውን አስረው፣ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው ጠመንጃውን ደጋግመው ያንሡ፤ ከተያዘ ጃኬቱን ይቀይሩ።