ቤቱ ይሠራ፣ ከዚያ ይፍረስ

ባለፈው እትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ከተማ ሲታደስ ሰው መነሣቱ የማይቀር ነው» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ብዙዎቻችን አንብበነዋል። በየመኝታ ክፍሉም አከራክሮናል። ጓደኛችን የጻፈው ከሞላ ጎደል እውነት ነው። እኛን የከነከነን «የማይቀር ነው» የምትለዋ ቃል ናት። መነሣቱስ የማይቀር ይሁን፤ መቼ፣ ወዴት፣ ከማን ጋር እንደሚነሣ ግን ሰው ተሰብስቦ የሚወስነው ነገር ነው። ዝናብ አይደለም።

ከክፍለ ሀገር ለመጣን ሠልጣኞች የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር ታሪክ ግልጽ ላይሆን ይችላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት «ኪራይ ቤቶች» እያልን ወደምንጠራው ድርጅት ሄዱ። ኪራዩም ተቀነሰ። ተከራዩ መጠቀሙ አይካድም። ነገር ግን በዚያች ጥቂት ብር ቀበሌው ምኑን ያድስ? ተከራዩስ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ያፍስ? በመሆኑም ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ልጅ ሲበዛ ቆጥ ተሠራ፣ ማድ ቤቱ መኝታ ሆነ፤ አንድ መጸዳጃ ቤት ለስንትና ስንት ቤተሰብ መዋል ጀመረ። እነዚህ ቤቶች ባሉበት ይቆዩ የሚል ሰው ካለ፣ እስቲ በነሐሴ አንድ ሌሊት እዚያ ይደርና ጠዋት ያነጋግረን።

ስለዚህ መታደሱን አንቃወምም። ጥያቄአችን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የቀበሌ ቤት ሲፈርስ ተከራዩ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል፤ ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ወይ ኮንዶሚኒየም በቅድሚያ መግዛት። ወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል። ኮንዶሚኒየሙን ለመግዛት ግን 20/80 በሚባለው አሠራር ከዋጋው 20 በመቶው ቀድሞ ይከፈላል፤ ቀሪውን 80 በመቶ ባንክ አበድሮ በየወሩ ይሰበስባል። ለዝቅተኛ ገቢ ተብሎ 10/90 የሚባልም ወጥቷል። እሺ፣ ጉሊት የምትቸረችር እናት አሥሩንስ ከየት ታመጣለች? እንደ ምንም ከዘመድ ለቃቅማ ብትከፍል እንኳ የወሩ ክፍያ ይመጣል። ከዚህም የተነሣ ስንቱ ነው የደረሰውን ቤት ለሌላ ሰው አከራይቶ፣ ራሱ ከከተማ ዳር ርካሽ ክፍል ፍለጋ የሄደው። በስም ባለቤት፣ በኑሮ ግን እንደገና ተከራይ፤ ያውም ከቀድሞው በባሰ ኪራይ።

ደግሞ ቤት ማለት ግድግዳ ብቻ አይደለም። መሐል ከተማ ልብስ የምታጥብ ሴት ደንበኞቿ እዚያው ናቸው። ሊስትሮው፣ ተሸካሚው፣ ቆሎ ሻጩ እንጀራቸው የሰው እግር ያለበት ቦታ ነው። ወደ ቦሌ አራብሳ ወይም ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲሄዱ ወይ ሥራውን ይተዋሉ፣ ወይ ያገኟትን ለታክሲ ከፍለው ይመለሳሉ። ስለ ዕድርማ ምን እንላለን! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያዋጣ ሰው ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ካዛንቺስ ቀርቶ እሱ ለብቻው ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ካሳ ሊታሰብበት ከሚገባ ጉዳት ቆጥሮታል። ሕጉ ይህን ማሰቡ ያስመሰግነዋል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ከተቋረጠ በኋላ ብር ከመቁጠር፣ መጀመሪያውኑ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ብሎክ ላይ ቢመደብ ምን ያስቸግራል? ዕጣ አውጥቶ ሰውን እንደ ጤፍ ከመበተን ዝርዝሩን በሰፈር በሰፈር መያዝ ከባድ ሥራ አይመስለንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ፣ ማለትም ወደ ትምህርት ቤት እንምጣ። የፒያሳ ነዋሪዎች የተነሡት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ገደማ ነው። የካዛንቺስ ደግሞ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ገደማ። ሁለቱንም ከትምህርት ካላንደር ጋር አስተያዩአቸው። አንዱ ሁለተኛው ሴሚስተር ተጋምሶ ሳለ፣ ሌላው ትምህርት ተጀምሮ ልጆቹ የመምህሮቻቸውን ስም ገና ለይተው ሳይጨርሱ ነው። ልጁ መሸኛ ይዞ አዲስ ትምህርት ቤት ሲደርስ ክፍሉ ሞልቷል፣ መጽሐፍ ታድሏል፣ የተከታታይ ምዘናው ግማሽ ውጤት ቀድሞ ትምህርት ቤት ቀርቷል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከሆነማ ፈተናው አይጠብቀውም። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የሚቀመጥ አዲስ ልጅ ካየን «ሰነፍ ነው» ብለን ስሙ ላይ ምልክት ከማድረጋችን በፊት፣ ከየት መጣህ ብለን እንጠይቀው።

«ታዲያ በክረምት ይነሡ» የሚል ይኖራል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ብለን ነበር የተከራከርነው። ግን ሐምሌ ላይ ፍራሽና ቁም ሳጥን በአይሱዙ ጭኖ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ወደ ሆነ ሰፈር መሄድ ራሱን የቻለ መከራ ነው። የቀረው ጳጉሜን አካባቢ ያሉት ጥቂት ሳምንታትና የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ነው። እነዚህን ቀናት መርጦ ሰው ማንሣት የሚቻለው ደግሞ የሚገባበት ቤት ውኃውና መብራቱ ገብቶለት፣ አጠገቡ ያለው ትምህርት ቤት በሩን ከፍቶ ሲጠብቀው ብቻ ነው። የጽሑፋችንን ርዕስ ያወጣነው ከዚህ ነው።

ይህ ደግሞ ሌላ አገር ተሠርቶበታል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1995 በጀመረችው አሠራር የመንግሥት አሮጌ አፓርታማዎች ሲፈርሱ ምትኩ ሕንፃ አስቀድሞ በቅርብ ቦታ ይሠራል፤ ነባሮቹ ባለቤቶች አዲሱ ካለቀ በኋላ ይዛወራሉ፤ ጎረቤታሞች አብረው ለመመደብ ማመልከት ይችላሉ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ በሚካሄድ ሥራ ምክንያት ለሚነሣ ተከራይ ቢያንስ የ90 ቀን ማስታወቂያ፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ እንዲሁም ጣሪያ ቢኖረውም የ42 ወር የኪራይ ልዩነት ክፍያ ይደነግጋል። ሲያትል ውስጥ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች፣ ከእነሱም ውስጥ የእኛው ወገኖች የሚኖሩበት የስለር ቴራስ የሚባለው የመንግሥት መኖሪያ 561 ቤቶች ነበሩት። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየተራ እየፈረሰ በየተራ ሲሠራ፣ ነባር ተከራዮቹ የመመለስ መብታቸው ተጠብቆላቸዋል። አሜሪካን ለማሞገስ አይደለም፤ እዚያው አገር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆፕ 6 በሚባለው ፕሮግራም ከፈረሱት መኖሪያዎች የተነሡት አብዛኞቹ ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ ቀርተዋል። ተመለሱ አልተመለሱ ሊለይ የቻለው ግን ተነሺው ስሙና አድራሻው ተይዞ ስለተከታተሉት ነው። እኛ ዘንድ ልዴታ ከፈረሰ በኋላ ማን የት ገባ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ብዙ በር ማንኳኳት ይጠይቃል።

አንድ መምህራችን ይህን ረቂቅ አይተው «ቀድሞ መሥራት ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፣ አገሪቱ አቅም የላትም» አሉን። ቁም ነገር ነው፤ አናቃልለውም። ይሁን እንጂ ፈርሶ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ ዓመታት ያስቆጠረ ቦታ በአዲስ አበባ ብርቅ አይደለም። ግንባታው ያን ያህል የሚዘገይ ከሆነ ሰውን ቶሎ ያስነሣው ጥድፊያ ለማን ነበር? ያ ታጥሮ የተቀመጠ ቦታ እኮ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሕንፃዎች ሊቆሙበት ይችሉ ነበር፤ የአንዱ ሰፈር ሰው እዚያ ይገባል፣ የለቀቀው ቦታ ለቀጣዩ ይሠራል። በየተራ ማለት ይህ ነው። መምህራችን ግን «ወጪውን አስልታችሁ አምጡ» ብለውናል፤ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን እንዲያግዙን እንፈልጋለን።

ሌላው ልመናችን ለትምህርት ክፍሎቹ ነው። የማስተማር ልምምድ ምደባ ሲወጣ ጥቂቶቻችን አዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ወዳሉበት ትምህርት ቤት ብንመደብ፣ በዓመቱ መካከል በመሸኛ የገቡትን ልጆች በየክፍሉ ቆጥረን፣ ስንቱ ከመሐል ከተማ እንደመጣና ስንቱ እንዳቋረጠ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣለን። የማይስማማ ጓደኛም መልሱን ይጻፍ። የሰሌዳው የግራ ጎን እስከሚቀጥለው እትም ባዶ ነው።