የልጃችሁ ድምፅ ከጎረነነ እንጥሉን ተዉት

የዛሬው መልእክቴ በተለይ ወረታና በፎገራ ገጠር ቀበሌዎች ላላችሁ ወላጆች ነው።

በእኛ አካባቢ የልጅ ድምፅ ሲጎረንን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና ልጁ ለቆራጭ ይሰጣል። ድምፅ ግን የሚፈጠረው እንጥል ላይ ሳይሆን ከእሱ በታች፣ ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ሲርገበገቡ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል እንጂ ድምፅ አይመልስም። ሳይመረመሩ አሞክሳሲሊን ደጋግሞ መግዛትም መፍትሔ አይደለም። ከጉንፋን ጋር የመጣ የድምፅ መዘጋት አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከ3 ሳምንት ካለፈ ማንቁርቱ መታየት አለበት ባይ ነኝ።

ሐኪም መጀመሪያ ያዳምጣል። ሲጮህ የሚውል ልጅ ድምፁ ማታ ማታ የሚብስበት ከሆነ አውታሮቹ ላይ ትንንሽ እባጮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በድምፅ አጠቃቀም ልምምድ ይሻላሉ። ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ አየር አየር የሚል ድምፅ የነርቭ ጉዳት ያስጠረጥራል። ጓያና ሽንብራ በሚዘራበት አገር ደግሞ፣ እየበላ ትን ብሎት ድምፁ በድንገት የተለወጠ ልጅ ፍሬው አየር ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከጉማራ፣ ከርብ ወይም ከኩሬ ውኃ የጠጣ ሰው ድምፁ ጎርንኖ ደም የተቀላቀለበት አክታ ከተፋ አልቅትም እናስባለን። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ድምፁ ለወራት እየጎረነነ ሄዶ ትንፋሹ ሲር ሲር ማለት የጀመረ ሕፃን ነው። አውታሮቹ ላይ በቫይረስ የሚመጣ ኪንታሮት በቅሎ ሳለ አስም ተብሎ ሊታከም ይችላል።

ጆሮ ብቻውን ግን አይበቃም። ጀማሪ የማንቁርት ካንሰርና ተራ ብግነት ተመሳሳይ ድምፅ ሊኖራቸው ይችላል። በ1854 ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዘፈን መምህር (ሐኪም እንኳ አልነበረም) በመስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን የድምፅ አውታሮች አየ። ዛሬ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል፤ ለትንንሽ ልጆች ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከወረታ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአጨዳ ወቅት አንድ ቀን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስተኛ ዙር ሽሮፕ ሲታዘዝላችሁ «ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ሪፈር ይጻፍልን» በሉ፤ መብታችሁ ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ግን ሪፈር አይጠብቅም፤ በዚያው ሰዓት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ።

ከመሄዳችሁ በፊት ድምፁ በባሰበት ሰዓት በስልካችሁ ቅዱት። ሐኪም ፊት ሲደርሱ አልናገርም የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው።