ሴት በሲኒማ ዓይን

ሲኒማ ለሕዝብ የሚያሳየው ሥዕል ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ሰው ዓይን የተመረጠ ነው፤ በጨለማው አዳራሽ የተቀመጠውም ተመልካች የሚያየው መራጩ የወደደውን ብቻ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ላውራ መልቪ የተባሉ እንግሊዛዊት ጸሐፊ «ስክሪን» በተባለው መጽሔት ይህንኑ ገልጠው አስረዱ፤ ይኸውም በሆሊውድ ሲኒማ ወንዱ ተመልካችና አድራጊ፤ ሴቲቱ ግን ዓይን የሚያርፍባት ጌጥ ሁና መቅረቧን ነው።

ካነሡአቸው ምሳሌዎች አንዱ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1958 ያወጡት «ቬርቲጎ» ነው። በዚህ ፊልም አንድ ሰው ሞታለች ያላትን ወዳጁን እንድትመስልለት ብሎ ሌላይቱን ሴት ልብሷንና የጠጕሯን ቀለም ያስለውጣታል። ሰውየው በምኞቱ ሲጐዳ ስለሚታይ ሂችኮክ ነገሩን ሳያስተውሉ ሠሩት ማለት አይገባም፤ ነገር ግን ከጥቂት ክፍል በቀር ታሪኩ የሚታየው በሰውየው ዓይን ነው።

በዚያው በ1975 የቤልጅግ ተወላጅ ሻንታል አኬርማን፤ ዕድሜአቸው 25 ዓመት ገደማ ሳለ፤ «ዣን ዲልማን» የሚባለውን ፊልም አወጡ። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው፤ ባሏ የሞተባት አንዲት የብሩክሴል ሴት በሦስት ቀን ውስጥ ድንች ስትልጥ፤ ዕቃ ስታጥብ፤ አልጋ ስታነጥፍ ያሳያል። ካሜራው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ሥራዋን እስክትፈጽም ይጠብቃታል። ይህች ሴት ለኑሮዋ ስትል ገላዋን ለወንዶች ትሸጣለች፤ ሆኖም በፊተኞቹ ሁለት ቀኖች ካሜራው ከተዘጋው ደጅ ውጭ ይቀራል። ሌላው ሲኒማ ዓይኑን የሚተክልበትን ነገር ይህ ፊልም በደጅ ትቶታል፤ ሌላው የሚዘለውን ድንች ግን እስከ መጨረሻው አሳይቶታል።

ድንች ሲላጥ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ማን ነው ብለው የሚያላግጡ አልጠፉም፤ ምናልባት ድንች ልጠው የማያውቁ ይሆናሉ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየ10 ዓመቱ በሚያደርገው ምርጫ በ2012 አንደኛ የሆነው «ቬርቲጎ» ነበረ፤ በ2022 ግን «ዣን ዲልማን» አንደኛ፤ «ቬርቲጎ» ሁለተኛ ሆኑ። ምርጫው በ1952 ከተጀመረ ወዲህ ሴት የሠራችው ፊልም አንደኛ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ማዕርጉ ለራሱ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ትልቁ ነገር ካሜራውና ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው። ከ1929 ጀምሮ የሚሰጠው የአሜሪካ ኦስካር ሽልማት በዳይሬክተርነት ለሴት የደረሰው በ2010 ነው። አኬርማን ግን ፊልማቸውን የሠሩት በቤልጅግ መንግሥት የገንዘብ ርዳታ ነው፤ ካሜራውን የያዙት ባቤት ማንጎልት ነበሩ፤ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ።